ወጥቶ የመመለስ ፈቃድ

(በሬዲዮ ከተነገረው የታሪክ ንግግር የተወሰደ)

በመንግሥት ሥራ ላይ ለሚገኝ ሰው የፈቃድ ወረቀት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ለዓመት ዕረፍት፥ ለሕመም፥ ለሐዘን ወይም ለሠርግ ማመልከቻ ይጽፋል፤ የክፍሉ ሹም ይፈርምለታል፤ ቀኑ ሲያልቅም ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። ፈቃዱ ሲዘገይ ቅር ይለዋል፤ ሲከለከልም ያጕረመርማል። ይሁን እንጂ ማታ ወደ ቤቱ እንዳይገባ፥ እሑድም ዘመዱን እንዳይጠይቅ የሚያግደው የለም።

ዛሬ የምናቀርብላችሁ ታሪክ ስለ ሌላ ዐይነት ፈቃድ ነው። ይኸውም አእምሮው እንደ ሌላው ሰው አላደገም ተብሎ በሕግ ትእዛዝ በመጠበቂያ ቤት እንዲኖር የተደረገ ሰው፥ ለአንድ ቀን ወይም ለጥቂት ወራት ወደ ውጭ ወጥቶ እንዲመለስ የሚሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ ለማየት ትንሽ ነገር ነው። አንድ ገጽ ወረቀት፥ አንድ ፊርማና አንድ ቀን ነው። ነገር ግን በዚያ ወረቀት ላይ የአንድ ሰው ዕድሜ ሲመዘን ኖሯል።

ታሪኩን ከእንግሊዝ አገር እንወስዳለን። እንግሊዞች ይህን ጕዳይ ከመቶ ዓመት በላይ በሕግ ሲጽፉት፥ ሲያሻሽሉትና በፍርድ ቤት ሲከራከሩበት ስለ ኖሩ፥ መንገዱን ከመነሻው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መከተል ይቻላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። እንዲሁም በጥንቱ ሕግ የተጻፉት መጠሪያዎች ዛሬ ስድብ ሆነዋል፤ እኛም ሕጉ ምን ይል እንደ ነበር ለማሳየት ካልሆነ በቀር አንጠቀምባቸውም። በአሁኑ አጠራር እነዚህ ሰዎች የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ይባላሉ።

ታሪኩን ስንመለከት አራት ጥያቄዎችን በእጃችን እንያዝ። ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? የሚሰጠውስ ለምን ያህል ጊዜ ነው? በምን ግዴታ ይሰጣል? ጊዜው ሲፈጸምስ ሰውየው ወዴት ይሄዳል? ሕጉ ለሰው ያለው አሳብ ምን እንደ ነበር፥ ከመግቢያው ቃል ይልቅ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጠው መልስ በግልጥ ያሳየናል።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ለእነዚህ ሰዎች ተለይቶ የተሠራ ቤት አልነበረም ቢባል ሐሰት አይሆንም። አብዛኞቹ በዘመዶቻቸው ቤት፥ ሌሎቹም በድኾች መጠለያና በእብዶች ቤት ይኖሩ ነበር። በ1855 በሰሪ አውራጃ የተከፈተው የኧርልስዉድ ቤት ለእነርሱ ብቻ ከተሠሩት ትላልቅ ቤቶች የመጀመሪያው ነው። የመሥራቾቹ አሳብ ማስተማር ነበር፤ ልጁ ለጥቂት ዓመታት ገብቶ፥ እጁን ለሥራ አስለምዶ፥ ወደ ወላጆቹ እንዲመለስ ታስቦ ነበር። በዚህ አሳብ መሠረት መግባትም መውጣትም የአንድ ትምህርት ቤት ሥርዐት ያህል ነው።

በዚያው ዘመን ለአእምሮ ሕመምተኞች የወጣው ሕግ ስለ ጊዜያዊ ፈቃድ አንድ ትልቅ ነገር ይዟል። በ1890 የወጣው ሕግ ሕመምተኛው ለሙከራ ወደ ውጭ ወጥቶ እንዲቈይ ይፈቅድ ነበር። ከቤቱ ያመለጠውንም ሰው ያለ አዲስ ትእዛዝ መልሶ መያዝ የሚቻለው በ14 ቀን ውስጥ ብቻ ነበር። አሥራ አራቱ ቀን ካለፈ ዘንድ፥ እንደ ገና ለመያዝ አዲስ ምስክርና አዲስ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ከዚህ ደንብ በስተጀርባ ያለውን አስተሳሰብ ተመልከቱ፤ አንድ ሰው ሁለት ሳምንት በውጭ ሊኖር ከቻለ፥ ልዝጋበት የሚለው ወገን ምክንያቱን እንደ አዲስ ሊያስረዳ ይገባዋል ማለት ነው።

ከ1900 በኋላ ግን አሳቡ ተለወጠ። በዚያን ጊዜ ዩጀኒክስ የተባለው የዘር ማሻሻል ትምህርት በአውሮፓና በአሜሪካ ተስፋፍቶ፥ ድኽነትም፥ ስካርም፥ ወንጀልም ከአእምሮ ድካም የሚወለዱና ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ናቸው የሚል ወሬ በሊቃውንትም ዘንድ ተቀባይነት አገኘ። ከ1904 እስከ 1908 ድረስ አንድ የንጉሣዊ መርማሪ ጉባኤ ነገሩን መርምሮ፥ እነዚህ ሰዎች በመንግሥት ጥበቃ ሥር ይሁኑ ሲል አሳብ አቀረበ። በ1913 ፓርላማው የአእምሮ ጕድለት ሕግ የተባለውን አጸደቀ። በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ጆሳያ ዌጅዉድ የሚባሉት እንደራሴ፥ ሰው ያለ ጥፋቱ በሐኪምና በሹም ቃል ነጻነቱን ሊያጣ አይገባውም በማለት ሌሊቱን ሁሉ ሲከራከሩ አደሩ። በመጨረሻው ድምፅ ግን ሕጉን የተቃወሙት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ብዙኀኑ ደግ ሥራ የሠሩ መስሏቸው ነበር፤ የነገሩም ክፋት እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ሰዎችን በአራት መደብ ከፈላቸው፤ «ፍጹም አእምሮ የሌላቸው»፥ «እጅግ የደከሙ»፥ «ደካማ አእምሮ ያላቸው» እና «በግብረ ገብ የጐደሉ» የሚሉ ነበሩ። የኋለኞቹ ሁለት ስሞች ሰፊ ስለ ነበሩ ብዙ ሰው ሊገባባቸው ይችል ነበር። በሕጉ ቃል መሠረት፥ ጕድለት አለባት የተባለች ሴት ከጋብቻ ውጭ ስታረግዝ ወይም ስትወልድ ከድኾች መርጃ ገንዘብ ስትቀበል ብትገኝ፥ ይህ ብቻ ወደ መጠበቂያ ቤት ለማስገባት የሚያበቃ ምክንያት ነበር። የሁለት ሐኪሞች ምስክር ወረቀት ተያይዞ ለዳኛ አቤቱታ ይቀርባል፤ ዳኛውም ትእዛዝ ይሰጣል። ትእዛዙ ለአንድ ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም ለአንድ ዓመት ይታደሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። የሚያድሰውም በለንደን የሚቀመጠው የቍጥጥር ቦርድ እንጂ ትእዛዙን የሰጠው ዳኛ አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን አምስት ዓመት ከዚያ ከአሥራ አራት ቀን ጋር አስተያየው። በፊተኛው ሕግ ጊዜ ይሮጥ የነበረው ለተያዘው ሰው ነበር፤ በኋለኛው ሕግ ግን ጊዜ ለያዡ መሥራት ጀመረ። ምክንያቱ ግልጥ ነው። ሕመምተኛ ይድናል ተብሎ ይጠበቃል፤ ስለ ጕድለት ግን አይድንም ተብሎ አስቀድሞ ተፈርዷል። አይድንም የተባለ ሰው መቼ ይወጣል? ለዚህ ጥያቄ በሕጉ የተገኘው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የፈቃድ ወረቀት ነው።

እንግሊዞች ይህን ወረቀት ላይሰንስ ይሉት ነበር። ከውሻና ከመጠጥ ቤት ፈቃድ ጋር አንድ ስም መሆኑ ነው። የቤቱ አስተዳዳሪ ሐኪም፥ ሰውየው በጠባይም በሥራም ተፈትኗል ብሎ ሲያምን፥ በወላጆቹ ዘንድ ወይም በአንድ አሠሪ ቤት እንዲቈይ ይፈቅድለታል። ወንዶቹ ብዙውን ጊዜ ወደ እርሻ፥ ሴቶቹም ወደ ቤት ሠራተኛነት ይላኩ ነበር። በየዕለቱ ወጥተው ሠርተው ማታ የሚመለሱም ነበሩ። ውጭ ያለው ሰው በሕግ ፊት እንደ ተያዘ ይቈጠራል፤ ትእዛዙ አልተሻረምና። ስለዚህ አሠሪው ቅር ቢለው፥ ልጅቱ አምሽታ ብትገባ ወይም ከአንድ ወጣት ጋር ብትታይ፥ ያለ ክስና ያለ ፍርድ ተመልሳ ልትጠራ ትችላለች። በብዙ ቦታ ከተቃራኒ ጾታ ጋር ወዳጅነት እንዳይደረግ መከልከል ከፈቃዱ ግዴታዎች አንዱ ነበር። የሠራችውንም ደመወዝ በሙሉ በእጇ እንዳታገኝ ይደረግ ነበር።

ሆኖም ለፈቃዱ ተገቢውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በግንብ ውስጥ በተቀመጡበት ዘመን፥ ጥቂቶች በዚህ ወረቀት ምክንያት የገበያ ቀን አይተዋል፤ በራሳቸው ሥራ እንጀራ በልተዋል፤ አንዳንዶችም በመጨረሻ ጨርሰው ተለቀዋል። አስተዋይ ሐኪሞችም ፈቃዱን እንደ መሰላል ተጠቅመውበታል፤ ዛሬ ለአንድ ቀን፥ በሚመጣው ወር ለሳምንት፥ ከዚያም ለዘለቄታ እያሉ ሰውየውን ከውጭ ኑሮ ጋር አስተዋውቀውታል። ለሃያ ዓመት ገንዘብ ይዞ የማያውቅን ሰው በአንድ ቀን በመንገድ ላይ መተው ደግነት አይሆንም።

ችግሩ የነበረው በፈቃዱ ሰጪ አቀማመጥ ላይ ነው። እነዚህ ቤቶች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩት በነዋሪዎቻቸው ጕልበት ነበር። ልብስ ያጥቡ የነበሩት፥ ወጥ ቤቱን ያግዙ የነበሩት፥ አትክልቱን ይኰተኵቱ የነበሩት፥ የደከሙትንም ይመግቡ የነበሩት ከነዋሪዎቹ መካከል ብርቱዎቹ ናቸው። በውጭ ለመኖር የሚችለውም ይህ ብርቱው ሰው ነው። እንግዲህ አስተዳዳሪው አንዲት ጐበዝ ልብስ አጣቢ ፈቃድ በሰጠ ቍጥር አንዲት ሠራተኛ ያጣል። መልካም ሰው ቢሆን እንኳ፥ ዘንድሮ ትቈይ፥ ለከርሞ እናያለን ለማለት ይፈተናል። ፈቃድ ከልካዩም በክልከላው ተጠቃሚውም አንድ ሰው ሲሆን፥ ፍትሕ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያሻም።

ይህን ነገር ለሕዝብ ጆሮ ያደረሰው የዜጎች ነጻነት ብሔራዊ ምክር ቤት የተባለው ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1951 «ከሕግ ውጭ የሆኑ 50,000 ሰዎች» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ሰጥቶ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉም፥ ሠርተው ሊያድሩ የሚችሉ ሰዎች ያለ በቂ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ተይዘው እንደሚኖሩ አመለከተ። በ1954 መንግሥት በሎርድ ፐርሲ ሰብሳቢነት አዲስ የንጉሣዊ መርማሪ ጉባኤ አቋቋመ። ጉባኤው ሥራውን ሳይጨርስ፥ በ1956 አንዲት ለብዙ ዓመታት ተይዛ የኖረች ሴት ጕዳይ በለንደን ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ። ሕጉ «ያለ ጠባቂ የተጣለ» ሰው እንዲያዝ ይፈቅድ ነበር፤ ሴቲቱ ግን በተያዘችበት ቀን በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ነበረች። ዳኞቹም፥ በእንክብካቤ ሥር ያለ ሰው እንደ ተጣለ ሊቈጠር አይችልም፤ ከመነሻውም የተሰጠው ትእዛዝ ሕጋዊ አይደለም ብለው ለቀቋት።

ይህን ፍርድ ከማድነቃችን በፊት አንድ ነገር እናስብ። የሴቲቱ መዝገብ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በየጊዜው ተከፍቷል፤ ትእዛዙም በየጊዜው ታድሷል። መዝገቡን የያዙት ጸሐፊዎች፥ ቦርዱም፥ ሐኪሞቹም የመጀመሪያው ገጽ ትክክል ነው ብለው አምነው፥ በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ይፈርሙ ነበር። ፍርዱ ከተሰማ በኋላ ተመሳሳይ መዝገቦች ሁሉ እንዲመረመሩ ሆኖ፥ ብዙ ሰዎች ተለቀቁ። በውስጥ የነበሩት ሰዎች አልተለወጡም፤ የተለወጠው መዝገቡን የሚያነበው ዐይን ነው።

የፐርሲ ጉባኤ በ1957 ባቀረበው ጽሑፍ፥ ሰው በፈቃዱ ሊታከም በሚችልበት ቦታ ሁሉ ግዴታ ይቅር የሚል አሳብ ሰጠ። በዚህም መሠረት የ1959 የአእምሮ ጤና ሕግ ወጣ፤ የቍጥጥር ቦርዱም ተሰረዘ። ላይሰንስ የተባለው ስም ቀርቶ፥ በ39ኛው አንቀጽ «ከሆስፒታል ውጭ የመቈየት ፈቃድ» ተባለ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በዚያ አንቀጽ የተጨመረው የጊዜ ገደብ ነው። በልዩ ገደብ ከተያዙት ወንጀለኞች በቀር፥ አንድ ሰው በፈቃድ ወጥቶ ሳይመለስና ሳይጠራ ስድስት ወር ከቈየ፥ የመያዣው ትእዛዝ በራሱ ይወድቃል፤ ሰውየውም ነጻ ይሆናል። እነሆ የጥንቱ የአሥራ አራት ቀን አሳብ በአዲስ መልክ ተመልሶ መጣ። ፈቃዱ እንደ ገመድ ሆኖ ዕድሜ ልክ እንዳይጐትት፥ ከጊዜ በኋላ በራሱ እንዲበጠስ ተደረገ። ሕጉ ሕግ ዐዋቂ፥ ሐኪምና ከሕዝብ የተመረጠ ሰው አብረው የሚቀመጡበትን የይግባኝ ሸንጎም አቋቋመ።

የ1983ቱ ሕግ ይህንኑ አሳብ በ17ኛው አንቀጽ አጸናው። ፈቃዱን የሚሰጠው የሕክምናው ኀላፊ ነው፤ ለሰውየው ደኅንነት ወይም ለሌሎች ጥበቃ ያስፈልጋል ያለውን ግዴታ ሊጨምርበት ይችላል፤ አብሮት የሚሄድ ጠባቂም ሊያዝለት ይችላል። መልሶ ለመጥራት ደግሞ ቃል ብቻ አይበቃም፤ ጥሪው በጽሑፍ መሆን አለበት። በወንጀል ምክንያት ልዩ ገደብ ያለበት ሰው ሲሆን ግን፥ ሐኪሙ ብቻውን መፍቀድ አይችልም፤ የሚኒስትር ስምምነት ያስፈልጋል። የይግባኝ ሸንጎው ተራውን በሽተኛ ከመያዣው ሊፈታው ይችላል፤ ጊዜያዊ ፈቃድ ስጡት ብሎ ሐኪሙን ለማዘዝ ግን ሥልጣን አልተሰጠውም፤ አሳብ ማቅረብ ብቻ ነው የሚችለው። ትልቁን በር ለመክፈት ሥልጣን ያለው ሸንጎ፥ ትንሿን በር ለማስከፈት ግን መለመን አለበት ማለት ነው።

ሰው ለሕግ ብልሃት ይፈልጋልና፥ የስድስቱን ወር ገደብ የሚያመልጡበት መንገድም ተገኘ። አንዳንድ ሐኪሞች በሽተኛው መድኀኒቱን በውጭ ሆኖ በግድ እንዲወስድ ፈልገው፥ ለአንድ ሌሊት ብቻ ሆስፒታል አስገብተው በማግሥቱ በፈቃድ ይለቁት፥ ወይም ጊዜው ሊያልቅ ሲል ትእዛዙን አድሰው እንደ ገና በፈቃድ ያቈዩት ጀመር። በ1985 መጨረሻ ጕዳዩ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተከራከረ። ባለ ጕዳዮቹ የአእምሮ ሕመምተኞች ነበሩ፤ የሚገዛቸው አንቀጽ ግን ለአእምሮ እድገት ውስንነትም የሚያገለግለው ያው ነው። ዳኛው፥ መያዣ ማለት በሆስፒታል መታከም ለሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ሰውን በወረቀት አስገብቶ በውጭ በትእዛዝ ማኖር የሕጉ አሳብ አይደለም ሲሉ ፈረዱ። ሆኖም በ1995 ፓርላማው ፈቃዱ እስከ አንድ ዓመት እንዲደርስ ፈቀደ፤ በ1999ም የይግባኝ ፍርድ ቤት፥ የሆስፒታሉ ሕክምና የእንክብካቤው ክፍል ሆኖ ከቀጠለ በፈቃድ ላይ ያለን ሰው ትእዛዝ ማደስ ይቻላል አለ። በ2007 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ከሰባት ቀን የሚበልጥ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት፥ ሐኪሙ በኅብረተ ሰቡ መካከል የሚደረግ የግዴታ ሕክምና ትእዛዝ ይሻል እንደ ሆነ እንዲያስብ አስገደደ። ነጻነትና ጥበቃ እንዲህ በየአሥር ዓመቱ እየተገፋፉ ኖረዋል።

እስካሁን የተናገርነው ወረቀት ስላላቸው ሰዎች ነው። ወረቀት የሌለውስ ሰው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው በቦርንዉድ ሆስፒታል ስም የታወቀው ጕዳይ ነው። አንድ መናገር የማይችል፥ ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ በሆስፒታል ከኖረ በኋላ፥ በ1994 ለሙከራ ተብሎ በአንድ ባልና ሚስት ቤት እንዲኖር ተደረገ። ሙከራው መልካም ሆኖ ሦስት ዓመት ቈየ፤ ነገር ግን ሰውየው ከሆስፒታሉ ጨርሶ እንዲሰናበት አልተደረገም ነበር። በ1997 አንድ ቀን ተረብሾ በመገኘቱ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። እምቢ ስላላለ የግዴታ ትእዛዝ አያስፈልገውም ተባለ። ያኖሩት የነበሩት ባልና ሚስት መጥተው እንዳይጠይቁትም ተከለከሉ፤ ካዩት አብሬ ልሂድ ይላል የሚል ፍርሃት ነበረና። ትእዛዝ ስላልነበረ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ ፈቃድ ስላልነበረ የሚከለከልም አልነበረም፤ ስለዚህ ይግባኝ የሚባልበት ነገር ጠፋ። በ1998 የመኳንንት ምክር ቤት ዳኞች ለሆስፒታሉ ፈረዱ። የአውሮፓ የሰብኣዊ መብት ፍርድ ቤት ግን በጥቅምት 2004፥ ይህ ሰው ነጻነቱን አጥቷል፤ ያጣውም ሕግ ባልጠበቀው መንገድ ነው ሲል ፈረደ። ከዚህ የተነሣ ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች የመከላከያ ሥርዐት ወጥቶ፥ በ2009 በሥራ ላይ ዋለ።

በዚህ ጕዳይ ላይ ጥቂት ቈም ብለን ብናስብ፥ ወረቀትን የምንነቅፍ ሰዎች ሁሉ አንድ ትምህርት እናገኛለን። መጥፎ ትእዛዝ ክፉ ነው፤ ነገር ግን ቀን፥ ፊርማና ምክንያት ስላለው ሊነበብና ሊሻር ይችላል። ትእዛዝ የሌለበት መያዣ ግን በደግነት ስም ስለሚደረግ የሚይዙበት ጫፍ የለውም። አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ለዚህ ነው።

ሌሎች አገሮችም በራሳቸው መንገድ ሄደዋል። ኒው ዚላንድ በ1992 ባወጣችው የአእምሮ ጤና ሕግ፥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ብቻውን ሰውን በግዴታ ለመያዝ ምክንያት እንዳይሆን ከለከለች። ነገር ግን ወንጀል ለፈጸሙት የተዘጋጀ ቦታ ስላልነበረ፥ በ2003 ሌላ ሕግ አውጥታ ከመስከረም 1 ቀን 2004 ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለችው። በዚህ ሕግ እያንዳንዱ ተጠባቂ የራሱ የእንክብካቤና የመቋቋሚያ ዕቅድ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ወደ ውጭ መውጣት በአለቃ መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ እንዳይመሠረት፥ ከዕቅዱ ጋር ተያይዞ ሊታይ የሚችልበት መንገድ ተከፈተ።

በእንግሊዝም ቢሆን ነገሩ በሕግ ብቻ አልተፈጸመም። በ2011 የቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን በብሪስቶል አጠገብ በሚገኘው የዊንተርቦርን ቪው የግል ሆስፒታል ውስጥ ሠራተኞች ተጠባቂዎቹን ሲመቱና ሲያዋርዱ በስውር ቀርፆ አሳየ። መንግሥትም በ2012፥ ያለ አግባብ በሆስፒታል የሚኖሩት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ሁሉ እስከ ሰኔ 2014 ወደ ኅብረተ ሰቡ እንዲመለሱ ይደረጋል ብሎ ቃል ገባ። ቀኑ ደረሰ፤ ቃሉ ግን አልተፈጸመም። ምክንያቱ በአብዛኛው ክፋት አልነበረም። በውጭ የሚቀበላቸው ቤት አልተዘጋጀም፤ ገንዘቡም ከሆስፒታሉ ወደ መንደሩ አልተሻገረም። በ2024 ለፓርላማ የቀረበው ረቂቅ ሕግ የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ብቻቸውን ለረጅም ጊዜ መያዣ ምክንያት እንዳይሆኑ የሚል አሳብ ይዞ መምጣቱ፥ ጥያቄው ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ያስረዳል። የመውጫ ፈቃድ ቢፈረም፥ የሚገባበት ቤት ከሌለ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራልና።

ይህ ታሪክ አገራችንንም በአንድ በኩል ይነካል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2006 ባጸደቀው የአካል ጕዳተኞች መብቶች ስምምነት 14ኛ አንቀጽ፥ ጕዳት መኖሩ ብቻ በማናቸውም ረገድ ሰውን ነጻነቱን ለማሳጣት ምክንያት እንደማይሆን ተጽፏል። ኢትዮጵያም በ2010፥ ማለት በእኛ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም.፥ ይህን ስምምነት በአዋጅ ቍጥር 676 አጽድቃለች። እንግዲህ ይህ ቃል የሌላ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቶ የራሳችን ሕግ ነው።

በመጨረሻም የያዝናቸውን አራት ጥያቄዎች እንመልከት። ታሪኩ እንደሚያሳየን፥ ፈቃድን የሚሰጠው ሰው በክልከላው የማይጠቀም መሆን አለበት። ጊዜው ቢረዝም ለተያዘው ሰው እንጂ ለያዡ መቈጠር የለበትም። ግዴታዎቹ ምክንያታቸው የሚነገርና የሚጻፍ መሆን አለባቸው። ፍጻሜውም ወደ አንድ ስፍራ፥ ማለት ወደ ሰው ቤትና ወደ ሰው ኑሮ የሚያደርስ መሆን አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲጐድል ፈቃዱ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል፤ ሰንሰለትም ሲረዝም ሰንሰለትነቱ አይቀርም።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ከእናንተ ብዙዎቹ በየዕለቱ ስለ ሌላ ሰው ጕዳይ በመዝገብ ላይ ትፈርማላችሁ። የጡረታም ይሁን፥ የዝውውርም ይሁን፥ የሕክምናም ይሁን፥ እያንዳንዱ መዝገብ በስተጀርባው የሚጠብቅ አንድ ሰው አለው። በ1956 ነጻ የወጣችውን ሴት ለብዙ ዓመታት የያዛት ጨካኝ ጠላት አልነበረም፤ የመጀመሪያውን ገጽ ሳይገልጡ በመጨረሻው ላይ የሚፈርሙ ትጉሃን ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ «እንደ ቀድሞው ይቀጥል» ብለን ከመጻፋችን በፊት መዝገቡን ወደ ኋላ እንግለጠው፤ ቀድሞ የተጻፈው ትክክል እንደ ነበረ በዐይናችን እንይ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ፥ አዲስ በጀትም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ሕሊና ነው።